ደስታችንን የሚበላው መላመድ ነው

ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ (አዎንታዊ ሥነ ልቦና) ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አነቃቂ ንግግር ነው። "አስበው፣ ይሆናል!" ዓይነት ነገር። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ራስን ማሞገስ፣ የከፋውን ሰው "ፈገግ በል እንጂ!" እያሉ መጎትጎት። ስሙም ለዚህ ይመቻል፣ አይካድም። ገባ ብሎ ላየው ግን ተመራማሪዎቹ የሚጠይቁት በጣም ተራ ጥያቄ ነው፦ ሰው ሕመም ስለሌለበት ብቻ ደህና ነው ይባላል ወይ? ካልተባለ የጎደለው ምንድን ነው? የጎደለውስ በልምምድ ይሞላል ወይ?

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የዘርፉ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ማርቲን ሴሊግማን መጀመሪያ ስሙ የተጠራው በደስታ ጥናት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከስቲቨን ማየር ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ምንም ቢያደርጉ ሊያመልጡት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸው እንኳ ብዙዎቹ ሳይሞክሩ ቁጭ ብለው ሲቀበሉት ታየ። ተስፋ መቁረጥም ይለመዳል ማለት ነው። ይኸው ሰው በ1998 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ሙያችን ሰውን ስለሚያፈርሰው ነገር ብዙ አውቋል፣ ሰውን ስለሚያለመልመው ግን ገና ብዙ አልሠራም የሚል ክርክር ይዞ ተነሣ። በ2000 መጀመሪያ ላይ ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ጋር የጻፈው ጽሑፍ የዘርፉ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። (ስሙን እንኳ የፈጠረው እሱ አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤብርሃም ማስሎው በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ምዕራፍ ርእስ አድርጎት ነበር።)

ከዘርፉ ግኝቶች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሳላመነታ መላመድን እመርጣለሁ። ሌላው ሁሉ የሚገባችሁ እሱ ሲገባችሁ ነው። አእምሯችን የሚነቃው ለለውጥ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ብድግ ይላል፣ ነገሩ ሲቆይ ግን ችላ ይለዋል። አዲስ ስልክ፣ አዲስ ቤት፣ የሥራ ዕድገት፣ ሠርግ… ለተወሰነ ጊዜ ሞቅ ያደርገናል፣ ከዚያ ሳናውቀው ወደ ድሮው ስሜታችን እንመለሳለን። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ሲባል የኖረውን ነው ተመራማሪዎቹ በመጠይቅ ይዘው የመጡት።

በጣም የታወቀው ጥናት ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ በ1978 ያወጡት ነው። ትልቅ የሎተሪ ዕጣ የወጣላቸው 22 ሰዎችንና በአደጋ ሰውነታቸው ሽባ የሆነባቸው 29 ሰዎችን፣ ሁለቱም ካልገጠማቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ሎተሪ የደረሳቸው ከሌላው ሰው ይህን ያህል የደስታ ብልጫ አልነበራቸውም። ይባስ ብሎ ከጓደኛ ጋር እንደማውራት፣ ቁርስ እንደመብላት፣ ቀልድ ሰምቶ እንደመሳቅ ካሉ ተራ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌላው ያነሰ ነበር። ትልቁ ደስታ ትንንሾቹን አደበዘዛቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ይህ ጥናት ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ነው፤ "አደጋ የደረሰባቸውም ሎተሪ የደረሳቸውም እኩል ደስተኛ ሆኑ" ይባላል። አልሆኑም። አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ደስታ ዝቅ ያለ ነበር፣ ሰው የሚገምተውን ያህል ግን አልወረደም። በኋላ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ትላልቅ ጥናቶችም ሥራ ማጣትና የትዳር አጋርን በሞት ማጣት ረጅም ጊዜ የሚቆይ ጠባሳ እንደሚተዉ አሳይተዋል። ስለዚህ "ሁሉም ይለመዳል" ብሎ ማጽናናት ትክክል አይደለም። የሚያናድደው ደግሞ መልካሙ ነገር በአብዛኛው ቶሎ መለመዱ ነው።

እንግዲህ ዘርፉ የሚመክራቸውን ልምምዶች በዚህ ዓይን እዩልኝ። የሚሠሩት አእምሯችን ማየት ያቆመውን ነገር እንደገና እንዲያየው ስለሚያስገድዱት ነው። አለመሥራት የሚጀምሩት ደግሞ ራሳቸው ልምምዶቹ ሲለመዱ ነው።

"ሦስት መልካም ነገሮች" የሚባለውን ውሰዱ። ሴሊግማንና ባልደረቦቹ በ2005 ያሳተሙት ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በዕለቱ ደህና የሄዱ ሦስት ነገሮችን ትጽፋላችሁ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ለምን እንደሆነ ትጽፋላችሁ። ይኸው ነው። ለጥናቱ ተሳታፊዎች የታዘዘው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር፣ ውጤቱ ግን ስድስት ወር ድረስ ታየ፤ ደስታቸው ጨመረ፣ የድባቴ ስሜታቸው ቀነሰ። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ የተጠቀሙት፣ ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው የቀጠሉት ናቸው። ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ "ለምን" የሚለውን ክፍል ነው። "ዛሬ ስብሰባው ደህና አለቀ" ብሎ መጻፍ ሪፖርት ነው። "ደህና ያለቀው ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ስለተዘጋጀሁና የሥራ ባልደረባዬ መሃል ላይ ስለደገፈችኝ ነው" ስትሉ ግን በጎ ነገር ዝም ብሎ ከሰማይ እንደማይወርድ፣ ከጀርባው እናንተም ሌላ ሰውም እንዳለ ይታያችኋል።

በዚያው ጥናት ሌላም ነገር ተሞክሯል። በሕይወታችሁ ውለታ ለዋለላችሁ፣ በደንብ ላላመሰገናችሁት ሰው ደብዳቤ ጽፋችሁ በአካል ሄዳችሁ ማድረስ። ይሄኛው ወዲያው የሰጠው ደስታ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ከወራት በኋላ ሲለካ ግን ጠፍቷል። አንድ ጊዜ ተደረገ፣ ሞቀ፣ በረደ። በእኔ አስተያየት ይሄ ደብዳቤውን ከንቱ አያደርገውም። የተቀባዩን ደስታ ማን ለካው?

"እንግዲያው በየቀኑ ላመስግን" የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆይ! ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ ሰዎችን ለስድስት ሳምንት የሚያመሰግኑበትን ነገር አስቆጠሯቸው፤ ገሚሱ በሳምንት አንዴ፣ ገሚሱ በሳምንት ሦስቴ። ደስታቸው የጨመረው በሳምንት አንዴ ያደረጉት ናቸው። ለምን? ሲደጋገም የቤት ሥራ ሆነ። "ቤተሰቤ፣ ጤናዬ፣ ሥራዬ" ብሎ ጽፎ መዝጋት። እጅ ይጽፋል፣ ልብ የለበትም። ይሄ ግን ሕግ አይደለም፤ በየቀኑ ጽፈው የተጠቀሙ ሰዎች ያሉባቸው ጥናቶችም አሉ። ቁም ነገሩ መልሳችሁ ከትናንቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን ሲጀምር ነገሩ መሞቱን ማወቅ ነው። ያኔ ጠበብ አድርጉት። "ቤተሰቤ" ከማለት "እህቴ ሳልነግራት ደክሞኝ እንደነበር ገብቷት ልጆቹን ይዛልኝ ወጣች" ይሻላል።

ምስጋና ለማይዋጥለት ሰው ደግሞ እኔ በጣም የምወደው አንድ ዘዴ አለ። ያላችሁን ከመቁጠር ይልቅ ባይኖርስ ብላችሁ አስቡ። በ2008 በወጣ ጥናት ላይ የፍቅር አጋር ያላቸው ሰዎች ከአጋራቸው ጋር እንዴት ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችሉ እንደነበር እንዲጽፉ ተጠየቁ። ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ፣ እሷ ሌላ ትምህርት ቤት ብትመደብ ኖሮ… እንዲህ የጻፉት፣ እንዴት እንደተገናኙ ከጻፉት ይልቅ በግንኙነታቸው ረክተው ተገኙ። የመገናኘቱን ታሪክ መቶ ጊዜ አውርተነዋል፣ ለምደነዋል። ሊቀር ይችል እንደነበር ግን አስበነው አናውቅም፣ ስለዚህ ያባንነናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ከሚለምዳቸው ነገሮች ሁሉ ቀስ ብሎ የሚለመደው ሌላ ሰው ነው ብዬ አስባለሁ። ሶፋ ነገም ያው ሶፋ ነው። ሰው ግን ዛሬ ያላሰባችሁትን ይናገራል፣ ያስቃል፣ ያኮርፋል፣ ይቀየራል። ለዚህ ይመስለኛል በዘርፉ ውስጥ በጣም ተደጋግሞ የሚመጣው መልስ ዝምድና የሆነው። ሴሊግማንና ኤድ ዲነር በ2002 ከ222 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሃል በደስታ ከፍተኛውን አሥር በመቶ ለይተው ሲያዩ፣ ከሌሎቹ የሚለያቸው ጎልቶ የወጣው ሞቅ ያለ ማኅበራዊ ሕይወታቸው ነው። ብቻቸውን ውለው የሚያድሩ "በጣም ደስተኞች" የሉም ማለት ይቻላል። በሃርቫርድ በ1938 ተጀምሮ እስከ ዛሬ የቀጠለው ጥናትም በ50 ዓመታቸው በግንኙነታቸው የረኩ ሰዎች በ80 ዓመታቸው የተሻለ ጤና እንደነበራቸው ያሳያል። እንዲያውም ከኮሌስትሮል መጠናቸው ይልቅ ይሄ ነበር የተሻለ የሚተነብየው። በ2010 ደግሞ 148 ጥናቶችን፣ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች ጥናቶቹ በቆዩበት ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ እንደሚል አገኘ። "ለሰው መድኃኒቱ ሰው" የሚለው አባባል ያን ያህል ግነት አይደለም።

"ጓደኛ አብዙ" ብሎ መምከር ግን ቀላል ነው፣ ምንም አይጠቅምም። ሥራ ላይ የሚውለው የሼሊ ጌብል ምርምር ነው። ሰው ሲቸግረው እንዴት እንደምንደግፍ ብዙ ተብሏል። እሷ የጠየቀችው ሰው ደስ ሲለው ምን እንደምንል ነው። ጓደኛችሁ ደውሎ "ፈተናውን አለፍኩ!" አላችሁ እንበል። አንዱ "ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል! ውጤቱን ስታየው ምን ተሰማህ? ለማን ነገርክ?" ይላል። ሁለተኛው ስልኩን እየነካካ "አሪፍ ነው፣ ጎበዝ" ይላል። ሦስተኛው "እ… እኔ ደግሞ ዛሬ ምን እንደገጠመኝ ብታውቅ!" ብሎ ወሬውን ወደ ራሱ ይወስደዋል። አራተኛው "ገና ምኑን አይተህ፣ ከባዱ እኮ ቀጣዩ ነው" ብሎ ቀዝቃዛ ውኃ ይቸልስበታል። ጌብል በ2004 ባወጣችው ጥናት ከጥሩ ግንኙነት ጋር አብሮ የሚሄደው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው እንኳ፣ ክፉ ነገር ሳይኖርበት፣ አልበቃም። ልብ በሉ፣ አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፍቅር ነው፤ እናት አባት ስለሚሰጉ ይሉታል። ልጁ የሚሰማው ግን ስጋቱን አይደለም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልሞክር ካላችሁ ይሄን ሞክሩ፦ ሰው መልካም ወሬ ሲነግራችሁ ስልኩን አስቀምጡና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ገንዘብ አይፈልግም፣ ደብተር አይፈልግም። የሚያወራው ሰው ደስታውን ሁለት ጊዜ ይኖረዋል፣ እናንተም ቅርብ ናችሁ።

መስጠትም ከዚሁ ወገን ነው። ኤሊዛቤት ደንና ባልደረቦቿ በ2008 ባወጡት ሥራ ለሰዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ያለበት ፖስታ ሰጥተው እስከ አመሻሹ እንዲያወጡት አዘዙ፤ ገሚሱ ለራሱ፣ ገሚሱ ለሌላ ሰው። ማታ ሲጠየቁ ለሌላ ያወጡት ይበልጥ ደስ ብሏቸዋል፣ የገንዘቡ መጠን ግን ለውጥ አላመጣም። በሊዩቦሚርስኪ ሙከራ ደግሞ በሳምንት አምስት በጎ ተግባር እንዲያደርጉ ከታዘዙት ሰዎች መሃል የተጠቀሙት አምስቱን በአንድ ቀን ያደረጉት ናቸው። በሳምንቱ ላይ የበተኑት ግን ከወትሮው ኑሯቸው ጋር ተቀላቀለባቸው፣ አልታወቃቸውም። አሁንም መላመድ!

የማናውቀውን ሰው ማውራትስ? ኒኮላስ ኤፕሊና ጁልያና ሽሮደር በቺካጎ ባቡር የሚመላለሱ ሰዎችን አጠገባቸው ከተቀመጠ እንግዳ ሰው ጋር እንዲያወሩ ጠየቋቸው። ሰዎቹ ነገሩ የሚያሳቅቅ እንደሚሆን ነበር የሚገምቱት። ያወሩት ግን ዝም ብለው ከሄዱት የተሻለ ጉዞ እንደነበራቸው ተናገሩ። ዓይነ አፋርም ብትሆኑ ግምታችሁን በጣም አትመኑት።

ከሰው ሌላ መላመድን የሚቋቋም አንድ ነገር ቢኖር ከአቅማችን ጋር የሚመጣጠን ሥራ ነው። ቺክሰንትሚሃይ ሰዎች በቀን ውስጥ በድንገት የሚጮህ መጥሪያ እንዲይዙ አድርጎ፣ በጮኸ ቁጥር ምን እየሠሩ እንደሆነና ምን እንደሚሰማቸው ያስጽፋቸው ነበር። ሰው ሰዓቱን የሚረሳው ሥራው በጣም ሲቀለው አይደለም፣ ያኔ ይሰለቻል፤ በጣም ሲከብደውም አይደለም፣ ያኔ ይጨነቃል። ልኩ ሲገኝ ነው። ችሎታችሁ ሲያድግ ደግሞ ፈተናው አብሮ ማደግ ስላለበት መቼም እዚያው ላይ አትቆሙም። ሙዚቃ መሣሪያ፣ ስፖርት፣ ኮድ መጻፍ፣ ልብስ መስፋት፣ ምንም ይሁን። ዋናው ማቋረጫ የሌለው ጊዜ መኖሩ ነው። በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት 2,250 ሰዎችን በስልክ መተግበሪያ ሲከታተሉ፣ ሰው ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ 47 በመቶ ያህሉን ሐሳቡ ሌላ ቦታ እንደሆነ አገኙ። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ የነበረ ጊዜ ደግሞ ደስታቸው ያነሰ ነበር።

እስካሁን ዘርፉን አሞገስኩት። አሁን ትንሽ ልንቀፈው፣ ይገባዋል።

በ2005 ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ማርሻል ሎሳዳ ሰው እንዲያብብ ለአንድ አሉታዊ ስሜት 2.9013 አዎንታዊ ስሜት ያስፈልገዋል የሚል ቀመር አወጡ። ከነጥቡ በኋላ አራት አሃዝ ድረስ! ስሜት እንደ ስኳር ይመዘን ይመስል። ዓለም ተቀበለው፣ በየሥልጠናው ተሰበከ። በ2013 ኒክ ብራውን የሚባል በትርፍ ጊዜው የማስተርስ ትምህርት የሚማር ሰው ከአለን ሶካልና ከሃሪስ ፍሪድማን ጋር ሆኖ ሒሳቡ መሠረት እንደሌለው አሳየ፣ የጽሑፉም የሒሳብ ክፍል ተሰረዘ። ስለዚህ ደስታን በቁጥር ቀምሮ የሚሸጥላችሁ ሰው ሲመጣ ኪሳችሁን ያዙ።

"ራስህን አሞግስ" የሚለውም ለሁሉም አይሆንም። ጆአን ውድና ባልደረቦቿ በ2009 እንዳሳዩት፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅ ያለ ሰዎች "እኔ የምወደድ ሰው ነኝ" የሚለውን ደጋግመው ሲሉ ባሰባቸው። ውስጣቸው "ውሸት!" ብሎ ይመልሳላ። ገብርኤለ ኦቲንገን ደግሞ ስኬትን በምናብ ማጣጣም ብቻውን ሰውን እንደሚያሰንፍ በተከታታይ ጥናቶች አሳይታለች። አእምሮ የደረሰ መስሎት ይዝናናል። የሚሻለው ምኞቱን ካሰቡ በኋላ መሃል ላይ የሚያደናቅፈውን ነገር ማሰብና "እሱ ሲመጣ እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ መወሰን ነው። አይሪስ ማውስ ያገኘችው ከሁሉም ይገርማል፦ ደስታን አጥብቆ የሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ሁሉ ነገር በተመቸው ሰዓት፣ ደስታው ይቀንስበታል። ምክንያቱም በየደቂቃው "አሁን ደስ ብሎኛል ወይ?" እያለ ራሱን ይለካል።

ደግሞም የእነዚህ ልምምዶች ውጤት በአማካይ ሲታይ ትንሽ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ጥናቶች ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። በ2023 ኤሊዛቤት ደንና ደኒጋን ፎክ በብዛት የሚመከሩ የደስታ ዘዴዎችን ሲገመግሙ የብዙዎቹ ማስረጃ ከሚወራለት ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ለእኔ ይሄ ለመተው ምክንያት አይሆንም፣ ወጪያቸው ትንሽ ነውና። ተአምር ለመጠበቅ ግን በቂ ምክንያት የለም።

ገንዘብን በተመለከተም "ደስታ አይገዛም" የሚለው ምቾት ባለው ሰው አፍ ላይ ይበዛል። ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በ2010 ደስታ በዓመት 75 ሺህ ዶላር አካባቢ ሲደረስ መጨመር ያቆማል ብለው ነበር። ካህነማን በ2023 ከኪሊንግስዎርዝ ጋር መረጃውን እንደገና ሲያየው፣ ለአብዛኛው ሰው ከዚያም በላይ መጨመሩን ይቀጥላል። ደሞዝ ሳይከፍል የደስታ ሥልጠና የሚያዘጋጅ አለቃ ካጋጠማችሁ ችግሩ የእናንተ አስተሳሰብ አይደለም። ለሳምንታት የሚዘልቅ ድባቴ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መኖርን መጥላት ካለም ደብተር አውጥቶ ሦስት መልካም ነገር መጻፍ ሕክምና አይሆንም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ለመጀመር ያህል ከእነዚህ ውስጥ የሚቀላችሁን አንዷን ብቻ ምረጡ። መጻፍ የማትወዱ ከሆነ አትጻፉ፣ ማታ አብሯችሁ ለሚኖር ሰው ንገሩት። ወሬ የሚከብዳችሁ ከሆነ በጽሑፍ መልእክት ላኩ። ለጓደኛችሁ የሠራው ለእናንተ ላይሠራ ይችላል፣ ያ ጥፋት አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት ሞክሩትና ማዛጋት ሲያመጣባችሁ ጊዜውን አራርቁት ወይም በሌላ ቀይሩት። በኋላ ተመልሳችሁ ትመጡበታላችሁ፣ ያኔ አዲስ ሆኖ ይጠብቃችኋል።